ልኩ ሳይወሰድ የተሰፋ መኝታ

«ተማሪ ደግሞ ምን መኝታ ይመርጣል? እኛ በስንት መከራ ነው የተማርነው!» ይህ አነጋገር በአገራችን የክርክር መዝጊያ ሆኖ ኖሯል። ባለሥልጣኑም ይለዋል፣ አባትም ይለዋል፣ በአንድ ፍራሽ ሁለት ሆኖ ተኝቶ የተመረቀ መሐንዲስም ይለዋል። ከሁሉም የሚያስገርመኝ የመጨረሻው ነው። የራሱን ላብ ለልጁ እንደ ውርስ ሊያስተላልፍ የሚፈልግ ሰው ሌላ አገር ይኑር አይኑር እንጃ።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላይ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኝታ ሕንጻዎች። ክርክሬ አልጋው ጠበበ፣ ውኃው ተቋረጠ፣ ሎከሩ ተሰበረ የሚል አይደለም። እሱ የፕሮክተር ጉዳይ ነው። የኔ ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል፦ እነዚህ ሕንጻዎች ሲነደፉ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ፣ ፀሐይዋና ነፋስዋ፣ የመቶ ዓመት የግንባታ ልምድዋ፣ በወረቀቱ ላይ የት ነበሩ?

አንባቢ ሆይ፣ «የባህል መጽሔት ከዶርም ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትለኝ። ባህል ማለት ሽለላና ቀረርቶ ብቻ የመሰለን ጊዜ አልፏል። ሰው እንዴት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ሲነጋ በየትኛው መስኮት ፀሐይ እንደምትገባበት፣ ይህ ሁሉ ባህል ነው። ደግሞስ የጎንደሩ ልጅ ከጅማው፣ የወላይታው ከጅግጅጋው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረው የት ሆነና? ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ካፌ ውስጥ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የሚተዋወቁት ግን ዶርም ነው።

የቀድሞዎቹ መንግሥታት ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው በ1954 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር አገር ምድሩ አጨብጭቧል። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ያነበቧቸው ግጥሞች ቤተ መንግሥቱን ካስቆጡ በኋላ፣ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀር ተደረገ። ተማሪው በከተማው ተበትኖ ቤት እየተከራየ እንዲኖር ማለት ነው። ያኔ የነበረው ሹም ሞኝ አልነበረም። አብሮ ያደረ ሰው አብሮ እንደሚያስብ ገብቶታል። ግጥሙን የጻፈው እጅ ቢሆንም ያጻፈው ዶርሙ መሆኑን አውቋል። ክፉም ቢሆን ዕውቀት ነው፤ መኝታ ቤት ተራ መጋዘን አለመሆኑን ማወቅ።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ለወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ፤ ዓለማያ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ። አሜሪካኖቹ የኦክላሆማ ሰዎች በ1940ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጁን ሲያቆሙ ከሐይቁ አጠገብ፣ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በነፋሻ ሜዳ ነው የተከሉት። ማታ ብርድ ልብስ የሚያስፈልግበት አገር ነው። ለብዙ ዓመታት «ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሄጄ ተማርኩ» ማለት ዓለማያ ገባሁ ማለት ነበር፤ ድሬዳዋ ለነዚያ ተማሪዎች የቅዳሜና የእሑድ መዝናኛ፣ የልብስ መግዣ ነበረች። ወርደው፣ ቀፊራን ዞረው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ማታ ወደ ብርዳቸው ይመለሳሉ። ድሬ ላይ የሚያድር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አልነበረም።

ይህ የተለወጠው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን የድሬ ሰው በሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰው፤ ዘመኑ ሊለወጥ ወር ሲቀረው፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ከተማው ገና ሙታኑን ቆጥሮ ሳይጨርስ ነው ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው። ይህን የማነሣው ለለቅሶ አይደለም። ደቻቱ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይሻገረዋል። ካርታ ላይ ብቻ ያየው ሰው ምንም አያስፈራውም። ይህ ቦታ ጠባዩን ሳይጠይቁ ለሚሠሩበት ሰዎች ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ በዚያ ሌሊት ተናግሯል፤ የሰማ ከነበረ።

አንድ ንድፍ ለብዙ አገር

አሁን ወደ ሕንጻዎቹ እንምጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ «ዩኒቨርሲቲ» ተብለው የሚጠሩት ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ከዚያ መንግሥት በአንድ ጊዜ አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ላቋቁም ብሎ ተነሣ። ሥራው ለጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ጂ.ቲ.ዜድ. ለነበረውና ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ጂ.አይ.ዜድ. ለሚባለው ተሰጠ። ድሬዳዋ ከአሥራ ሦስቱ አንዷ ናት፤ ደብረ ብርሃንም፣ ሰመራም፣ ጅግጅጋም እንደዚሁ።

ዘዴው ቀደም ሲል አዲስ አበባ፣ ቦሌ ገርጂ ላይ በኮንዶሚኒየም የተሞከረው ርካሽ ግንባታ ነው። ተሸካሚዎቹ መሬት ላይ ተሞልተው ይደርቃሉ፣ ወደ ላይ ተነሥተው ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ባዶ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ቀጭን ሶሌታ ይፈስሳል። ግድግዳውም ብሎኬት ነው። እንጨትና ፌሮ ይቆጥባል፣ ጊዜ ያሳጥራል። ሀቅ እንናገርና፣ ለብዙ አነስተኛ የአገር ውስጥ ሥራ ተቋራጮችና ለብዙ ወጣት ግንበኞች እንጀራም ትምህርት ቤትም ሆኗል። ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር እኔ ከእሱ ወገን አይደለሁም።

ክርክሬ ከብሎኬቱ ጋር አይደለም፤ ከንድፉ ጋር ነው። የፕሮግራሙ መሠረተ ሐሳብ አንድ ዓይነተኛ ንድፍ አውጥቶ በየከተማው መድገም ነበር። የመማሪያ ሕንጻ ዓይነት፣ የካፌ ዓይነት፣ የመኝታ ዓይነት። መሬቱ ቢያዘነብል መሠረቱ ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ያው ነው። እስቲ አንባቢ ካርታውን ይዘርጋ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ የሚወርድባት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪን ሲነካ ማንም «ዛሬስ ሞቀ» ብሎ የማይገረምባት። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት፤ እሷን እንኳ ተዋት። ታዲያ ለነዚህ ሦስት ከተሞች የሚሆን አንድ መኝታ ቤት ማን ይሥራ? መልአክ ካልሆነ በቀር ማንም።

መርካቶ ያለ ልብስ ሰፊ እንኳ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መቀስ አያነሣም። ደንበኛው ሩቅ ከሆነ «ልኩን ጽፈህ አምጣ» ይላል። አሥራ ሦስት ከተማ ሲለብስ ግን የአንዱም ልክ አልተወሰደም።

ይኼ የሥነ ውበት ቅንጦት እንዳይመስል የፀሐዩን ነገር ላስረዳ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ፣ በቀትር በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በመካከል ያሉት ወራት፣ ማለትም ዋናው የሙቀት ጊዜ፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። ይህ ማለት ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል፤ ጠዋት የምሥራቁ ግድግዳ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቡ ግድግዳ ዝቅ ብላ በምትመጣ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታል። የሰሜኑና የደቡቡ ግን በአንድ ክንድ የጣሪያ ክፈፍ ሊጠለል ይችላል። ስለዚህ ድሬ ላይ ረጅም ሕንጻ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄው «ረጅሙ ጎኑ ወዴት ይዙር?» መሆን አለበት። መልሱ ሰሜንና ደቡብ ነው። ይህን ማወቅ ስሚንቶ አይጨምርም፣ ፌሮ አይጨምርም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ማዞር ብቻ ነው።

ብሎኬትና ኮንክሪት ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀን የጠጡትን ሙቀት ወዲያው አይተፉም። ይዘው ይቆያሉ፤ የሚተፉት ማታ ነው። ቢሮ ከሆነ ግድ የለም፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ቆልፈው ይሄዳሉ። መኝታ ቤት ግን ሰው የሚገባበት ልክ ግድግዳው መተንፈስ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ከቆርቆሮው ሥር ያለው የላይኛው ፎቅ ደግሞ ከላይም ከጎንም ይቀበላል። በተደራራቢ አልጋ ላይ የላይኛው የደረሰው ልጅ ለኮርኒሱ ምን ያህል እንደሚቀርብ አስቡት። ይህን አንድ የድሬ ልጅ ቢያየው «አቦ! ቤት ነው ምድጃ?» ማለቱ አይቀርም።

ከተማዋ የምታውቀው

የሚያናድደው ደግሞ መልሱ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተወለደችው ያኔ ነው። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች ከዚራን ሲቀይሱ ለመንገዱ ቀጥ ማለት ብቻ አልተጨነቁም። ዛፍ ተከሉ። ዛሬ ከለገሃር ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ተነሥቶ በየትኛውም መንገድ የሚሄድ ሰው ጥላ ለጥላ ይሄዳል። በግንቦት ቀይ አበባውን የሚዘረግፈውን ያን ዛፍ የቀረው ኢትዮጵያ ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ? «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው የሚለው። የተክል መጻሕፍት ሳይቀሩ በዚህ ስም መዝግበውታል። አንድ ዛፍ በከተማ ስም ሲጠራ፣ የዚያች ከተማ ትልቁ ዕውቀት ጥላ መሆኑን ሕዝቡ መስክሯል ማለት ነው።

የባቡር ሠራተኞቹን ቤቶችም ተመልከቱ። ግንቡ ወፍራም ነው፤ የፀሐዩ ሙቀት ዘልቆ ሳይገባ ይመሻል። ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰው በታች ይተነፍሳል። ዙሪያውን በረንዳ አለው፤ ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ አታገኘውም። መስኮቱ ላይ ሽንሽን የእንጨት መዝጊያ አለ፤ ብርሃኑን ይከለክላል፣ ነፋሱን ያሳልፋል። ሦስት አራት ብልሃት ነው፤ ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም።

«እሱ የነጮቹ ነው፤ ለራሳቸው ነው ያመቻቹት» የሚል ይነሣል። እውነት ነው፤ ከዚራ የፈረንጅና የሹም ሠፈር ነበረች፣ ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ የአገሬው። እኔ ለኩባንያው ሐውልት ይቁም አላልኩም። ግን መጋላስ ምን አደረገ? ፊቱን ከመንገድ አዙሮ፣ ግቢውን በመካከል አድርጎ፣ በግድግዳ ጥላ እየተጠለለ ነው የኖረው። የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የሐረሪው፣ የዐረቡና የሕንዱ ነጋዴ በየራሱ መንገድ አንድ ነገር ላይ ተስማምቷል፤ ቀን ከፀሐይ ሽሽ፣ ማታ ነፋስ ፈልግ። በኛ ቤት ሚያዝያ ሲገባ እናቴ አልጋዎቹን ወደ ግቢ ታስወጣ ነበር። ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ። ከግንብ አጥሩ ማዶ የሰው ማንኮራፋት ይሰማል፣ ልጆች በጨለማ ወሬ ይቀባበላሉ። ሕዝቡ በቀትር ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና የሚከፍተው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሰዓቱ ንድፍ ነው፤ በግንብ ያልተሠራ ሥነ ሕንጻ በሉት።

እንግዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ተማሪ አልጋውን ወዴት ያውጣ? የደጋው ልጅ እናቱ ጠቅልላ ያስያዘችውን ጋቢ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለ ሽርጥ ማንም አልነገረውም። ከተማዋ በመቶ ዓመት የተማረችውን ሕንጻው ሊያስተምረው ይገባ ነበር። በረንዳ ቢኖረው በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ ግቢ ቢኖረው ከዛፉ ሥር ያጠና ነበር፤ በዚያውም ከሌላው ዶርም ልጅ ጋር ይተዋወቅ ነበር።

«ድሃ አገር ነን»

ዋናውን የተቃዋሚ መከራከሪያ አላመልጠውም። «ድሃ አገር ነን፤ ብዙ ሺህ ተማሪ በአጭር ጊዜ ማስገባት ነበረብን፤ ንድፍ ለየብቻ ማውጣት ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል» ይሉናል።

በመጀመሪያ፣ ድህነት የንድፍ ምክንያት እንጂ የንድፍ አለመኖር ምክንያት አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ስሕተቱን በኤር ኮንዲሽነር ይሸፍናል። የሌለው ነው ከመጀመሪያው አስቦ መሥራት ያለበት። ሁለተኛ፣ ይህን የሠራ ድሃ አገር አለ። ቡርኪና ፋሶ ከኛ የተሻለ ሀብታም አይደለችም። ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል የዚያ አገር ሰው፣ ጋንዶ በምትባል የትውልድ መንደሩ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ትምህርት ቤት ሠራ። በሸክላ አፈር ጡብ። የክፍሎቹን ኮርኒስ በጡብ ዘግቶ፣ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ለይቶ በቀጭን ብረት ወደ ላይ አንጠለጠለው። በመካከል ነፋስ ያልፋል፤ የቆርቆሮው ትኩሳት ክፍሉ ሳይደርስ ተወስዶ ይሄዳል። ይኼው ነው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን ሽልማት ተሰጠው፤ በ2022 ደግሞ የዓለም ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ተቀበለ። ሰውየው የተማረው የት መሰላችሁ? በርሊን። የኛ አሥራ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ንድፍ በጀርመኖች እጅ ሲዘጋጅ፣ የጋንዶ ትምህርት ቤት ቆሞ፣ ተሸልሞ፣ ልጆች ይማሩበት ነበር። ዕውቀቱ አልነበረም አትበሉኝ። ጥያቄው አልነበረም።

«እሱ አንድ ፎቅ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ነው፤ መኝታ አይደለም» የሚል ካለ ወደ ሕንድ ልውሰደው። አሕመዳባድ የምትባል ከተማ በበጋ 40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት አላት። አሜሪካዊው ሉዊ ካን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ለአገሪቱ የሥራ አመራር ተቋም ግቢ ሲነድፍ አሥራ ስምንት የተማሪ መኝታዎች አቆመ። በአገሬው ጡብ፣ በአገሬው ግንበኛ። መስኮቱን ፊት ለፊት ለፀሐይ ከመስጠት፣ ሰፋፊ ክብ ክፍተት ባላቸው የውጭ ግድግዳዎች ከለለው፤ ከኋላቸው ጥላ ያለው በረንዳ አደረገ። ተማሪዎች የሚቀመጡትና የሚከራከሩት እዚያ ነው። ካን መኝታውን ከመማሪያው ያላነሰ የትምህርት ቦታ ነው ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ተቋሙ ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አራቱን ላፍርስ ብሎ ሲያውጅ፣ ከሕንድም ከውጭም የተነሣው ጩኸት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡን እንዲያነሣ አስገደደው። በ2022 ጉዳዩ እንደገና ተቀስቅሷል፤ ክርክሩ አልሞተም። እኔን የገረመኝ ማሸነፍ መሸነፋቸው አይደለም። የዓለም ሕዝብ ለተማሪ ዶርም ሲጮህ ማየቴ ነው። ነገ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ብሎክ ቢፈርስ ከቆርቆሮ ገዢ በቀር ማን ይመጣል?

ስም የሌለው ቤት ነዋ! የመኝታ ሕንጻዎቻችን በቁጥር ነው የሚጠሩት። ብሎክ ይህን ያህል፣ ክፍል ይህን ያህል። መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደነደፈው፣ የትኛው ተቋራጭ እንደገነባው በበሩ ላይ የሚጽፍ የለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ በአገሪቱ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ዶርሞች በአንድ ሌሊት ለይቶ ማቆያ ሲሆኑ ማንም አልተደናገጠም። አስፈላጊ ነበር፤ አልቃወምም። ግን ከመጀመሪያውም ለሰው ማቆያ እንጂ ለሰው መኖሪያ እንዳልተሠሩ ያጋለጠ ነገር ነው።

ማን ነው የሚከፍለው?

አሁን በጣም ወደሚቆረቁረኝ ነጥብ ደረስኩ። ተማሪው በነጻ የሚያድር እንግዳ ይመስለናል። «በመንግሥት ገንዘብ እየተኛ ያማርራል» የሚለው ቁጣም ከዚህ ይመጣል። ሐሰት ነው። በ1995 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ እንደሚለው፣ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን፣ ከምግቡና ከመኝታው ወጪ ደግሞ ሙሉውን ይጋራል። ሙሉውን! ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ የሚከፈል ዕዳ ነው። ውሉንም የሚፈርመው ገና በተማሪነቱ ነው።

ልብ በሉ፤ ከመምህሩ ዋጋ የሚከፍለው ጥቂቱን ነው። ከአልጋው ዋጋ የሚከፍለው ግን ሁሉንም ነው። በሕጉ ፊት ተማሪው ለትምህርቱ ተደጓሚ፣ ለመኝታው ግን ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ «ቤቱ ይሞቃል» የማለት መብት አለው። ከዚራ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት የሚከራይ ሰው እንኳ ከመዋዋሉ በፊት ገብቶ መስኮቱን ይከፍታል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ «ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል?» ብሎ ይጠይቃል። የዩኒቨርሲቲው ተከራይ ይህን ዕድል አላገኘም። ተመድቦ ነው የሚመጣው።

ትምህርቱንም ይነካል እንጂ አይቀርም። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ልጅ በሁለት ሰዓት ክፍል ገብቶ ምን ይሰማል? ፈተናው ደግሞ አያዝንለትም፤ የሁለተኛው መንፈቅ ማጠቃለያ ሙቀቱ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ሲገጥም ደብረ ብርሃን ያለው ጓደኛው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያንኑ ትምህርት ያጠናል። ውጤታቸው በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

ታዲያ ይፍረስ ነው የምለው? አይደለም። የቆመውን ማፍረስ ሌላ ብክነት ነው። ግን ዛሬ ሊደረግ የሚችል ነገር ሞልቷል። ከቆርቆሮው በታች ያለውን ባዶ ቦታ በሁለቱም ጫፍ ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ ይቻላል። ጣሪያውን ነጭ መቀባት ይቻላል፤ ነጭ ፀሐይን ይመልሳል፣ የዛገ ቆርቆሮ ግን ይጠጣታል። በምዕራብና በምሥራቅ ግድግዳዎች ላይ የኮንክሪት ወይም የብረት ጥላ መስቀል ይቻላል። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ዛፍ መትከል ይቻላል፤ ኒምም የድሬዳዋ ዛፍም፤ የከተማው ችግኝ ጣቢያ ሊያፈላው የሚችል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት የተተከለ ዛፍ ዛሬ የት በደረሰ! በየብሎኮቹ መካከል ያለው መሬት አስፋልት ወይም ባዶ አቧራ ከሚሆን፣ ጥላ ያለው መቀመጫ ቢሆን ማታ ማታ ግማሹ ዶርም ወደዚያ ይወርዳል።

ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተቋም አለው፤ ምሕንድስና ያስተምራል። የገዛ መኝታቸውን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለኩ፣ ፎቅ በፎቅ፣ ግድግዳ በግድግዳ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመዘግቡ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የት ያገኛሉ? ቤተ ሙከራውን ለብሰውት ነው የሚተኙት።

ለወደፊቱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው የመኝታ ሕንጻ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ንድፉ ይሰቀል። የት? ለገሃር። ባቡሩ ወደ አዲሱ መሥመር ከሄደ ወዲህ የድሮው ጣቢያ ብዙ ግድግዳ አለው። የባቡር ጡረተኛው ይየው፣ የመጋላው ግንበኛ ይየው፣ አልጋዋን ወደ ግቢ የምታወጣ እናት ትየው። «ይህ መስኮት ወዴት ነው የሚዞረው?» ብለው ይጠይቁ። መሐንዲሱም ቆሞ ይመልስ።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ንድፉ የአየሩን ጠባይ አጥንቶ ነው የወጣው፤ ጸሐፊው ሳያውቅ ነው የሚጮኸው» የሚል ባለሙያ ቢኖር ይጻፍ፤ ከፕላኑ ጋር። ሰሜኑን የሚያሳየው ቀስት ያለበትን ቅጠል ቢያያይዝልን ደግሞ ክርክሩ ያጥራል።